ታኮማ ፓርክ፦ የ1920ዎቹን ቤታችንን የእንጨት መስኮቶች በፕላስቲክ መቀየር ይከለከላል?

አዲስ ጎረቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ታኮማ ፓርክ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሜሪላንድ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝተን ገብተናል። ቤቱ ያምራል፤ ጣሪያው ዝቅ ብሎ የተዘረጋ፣ የወራጆቹ ጫፍ ከክዳኑ ሥር ወጣ ወጣ ብሎ የሚታይ፣ የበረንዳው ምሰሶዎች ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ። መስኮቶቹ ግን አስመርረውኛል። ነፋስ ያፏጭባቸዋል፤ የሳሎኑን ከፍተን ለማቆየት በማማሰያ እንደግፈዋለን፤ የመኝታ ቤቱማ በቀለም ተጣብቆ ከነጭራሹ አይከፈትም። አንድ መስኮት ሻጭ ለክቶ «ሁሉንም አውጥቼ ነጭ ፕላስቲክ እገጥማለሁ፤ ፈቃድ አያስፈልግም» አለን። ጎረቤታችን ደግሞ ሰፈሩ ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ ሳታስፈቅዱ እንዳትነኩ አለችን። ቤቱን ስንገዛ ይህንን ያነሣልን ሰው የለም። ባለቤቴ በረንዳውንም በመስተዋት ዘግቶ ለእናቱ ክፍል ሊያደርገው ያስባል። በገንዘባችን በገዛነው ቤት ማን ነው አዛዡ?

አናጺው፦
እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ጎረቤትሽ እውነቷን ነው፤ ለሻጩ ቀብድ እንዳትሰጪው።

ሁለት መዝገብ አለ፤ ሰው ያምታታቸዋል። የፌዴራሉ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ በራስሽ ገንዘብ በቤትሽ ላይ የምትሠሪውን አይከለክልም። የሚይዝሽ የካውንቲው ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን በታሪካዊ ክልል ውስጥ ያለን ቤት የውጭ ገጽታ ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ውስጡን አይመለከትም፤ ወጥ ቤትሽን እንደፈለግሽ አፍርሰሽ ሥሪ። ባለበት ሁኔታ፣ በዚያው ዓይነት ዕቃ መጠገንም የዚህ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የታኮማ ፓርክ ቤቶች ደግሞ በደረጃ ተለይተዋል፤ እንደ አንቺ ያለው ብዙውን ጊዜ ለሰፈሩ ገጽታ አስተዋጽኦ ካላቸው መካከል ይመደባል። በእነዚህ ላይ ዋናው ዓይናቸው ከመንገድ የሚታየው ነው፤ በጓሮ በኩል ይላላሉ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ደውለሽ አረጋግጪ።

አሁን ወደ መስኮቱ። ማማሰያው የሚያስፈልግሽ ገመዱ ስለተበጠሰ ነው። በመቃኑ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ ዱላ የመሰለ የብረት ክብደት በጥጥ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ ከላይ ባለች ትንሽ መዘውር ላይ ያልፋል። ክብደቱና መዝጊያው ስለሚመዛዘኑ በአንድ ጣት ገፍተሽ ያቆምሽበት ይቆማል። ገመዱ ሲበጠስ ብረቱ ታች ይወድቃል፤ የትም አልሄደም። በመቃኑ ጎን፣ ከታች፣ በቀለም የተሸፈነች ክዳን አለች፤ እሷን ፈትቶ አዲስ ገመድ ማሰር ነው። መስተዋቱን የያዘውን የደረቀ ማስቲሽ አንሥቶ በአዲስ መተካት፣ በዙሪያው የነፋስ መከላከያ ጥብጣብ መምታት፣ ከውጭ ተጨማሪ መስተዋት መግጠም፤ ፉጨቱ ያበቃል። ፕላስቲኩ ላይ ግን በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ጉም ከገባ መስተዋቱ አይጠገንም፤ እንዳለ ይቀየራል። የአንቺ እንጨት ቀስ ብሎ ካደገ ዛፍ የተሰነጠቀ ነው፤ ቀለበቶቹ የተጠጋጉ። ዛሬ መደብር ገብቼ እንደዚያ ያለ አላገኝም።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ፦ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ነውና ቀለሙ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት ብለሽ ተነሺ። ልጆች ካሉ ደረቁን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቂ። ተከፍሎት የሚሠራው ተቋራጭም ለዚህ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ አሳየኝ በይው።

ደመወዝተኛው፦
ጋሼ፣ ሙያዎን አከብራለሁ። ግን ቀን ሥራ፣ ማታ ታክሲ እየነዳን የገዛነውን ቤት እንደ ሙዚየም ጠብቁ መባሉ አይዋጥልኝም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከታሪካዊው ክልል ውጭ ነው ያለሁት፤ ፕላስቲክ አስገጠምኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ቅርሱን የሚወድ ወጪውንም ይጋራ።

አናጺው፦
ይጋራል እኮ። ካውንቲው ለተፈቀደ የውጭ ጥገና እህታችን ካወጣችው 25 በመቶውን ከንብረት ግብሯ ላይ ይቀንሳል። ሜሪላንድም ወጪው ከ5,000 ዶላር ካለፈ 20 በመቶ የገቢ ግብር ቅናሽ አለው፤ ይህኛው ግን ሥራው ሳይጀመር መጽደቅ አለበት። ሠርቶ ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሰፈሩ ሰዎች ለቅርሱ ለምን እንዲህ ተቆረቆሩ ካልክ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚህ ሰፈር መሐል ትልቅ አውራ ጎዳና ሊያሳልፉ ታቅዶ ነበር። ሳም አቦት የሚባል ነዋሪ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ተሟገተ፤ መንገዱ ቀረ፤ ሰውዬው በኋላ ከንቲባ ሆነ። ባይሟገቱ ኖሮ እህታችን የምትገዛው ቤት ላይኖር ይችል ነበር። ደግሞ ታኮማ ፓርክ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ደንቡ የካውንቲው ቢሆንም ድምፃችንን የምናሰማበት በር አለ።

አዲስ ጎረቤት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ መስኮቱን ተቀብሏል፤ በረንዳውን ግን አልለቅም ብሏል።

አናጺው፦
የፊት በረንዳ መዝጋትን ኮሚሽኑ እንደማይወደው ንገሪው፤ እኔም አልወደውም። የዚህ ዓይነት ቤት መልኩ በረንዳው ነው፤ ሲዘጋ የፊቱ ክፍሎችም ይጨልማሉ። ለእናቱ ክፍል በጓሮ በኩል፣ ከዋናው ጣሪያ ዝቅ ያለ ቅጥያ አስቡ፤ እሱም ፈቃድ ይፈልጋል፣ ግን ተስፋ አለው። ንድፉ ገና በእርሳስ ሳለ ለኮሚሽኑ ባለሙያዎች አሳዩአቸው፤ ለአርክቴክት ሙሉ ከከፈላችሁ በኋላ ማፍረስ ያንገበግባል።

እስከዚያው በየመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በተለይ ዳርና ዳሩን፣ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረግሽ ሞክሪ። ጠንካራ ከሆነ ገመድና ማስቲሽ ይበቃዋል። ጫፉ ሰርጎ የሚገባበትን ቦታ ምልክት አድርጊበት፤ የበሰበሰው እሱ ነው፤ እሱን ብቻ ቆርጠን በእንጨት እንተካዋለን።