ፕሮፖዛሉ፦ አርብ 9 ሰዓት ይዘጋል

ፀሐፊ፦ የሚጥል በሽታ ማህበራችን የገንዘብ ጥያቄ ረቂቅ ይሄው። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒታችን ፌኖባርብ ሲያልቅ ለአባላት ከፋርማሲ የሚገዛበት መጠባበቂያ 110 ሺ። ሁለተኛ፣ የአራት ትምህርት ቤት መምህራን ስልጠና 70 ሺ። ፖስተር 30 ሺ። ድምሩ 210 ሺ፣ ከዚህ አያልፍም ብለውናል። እንዳለፈው ሐሙስ ማታ አዲስ ሀሳብ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

የሐና እናት፦ የመጀመሪያውን እንዳትነኩብኝ። ክረምት ላይ 19 ቀን አጥታ ምን እንደሆነች አይታችኋል፣ ድንገት ሲቋረጥ'ኮ ከድሮው ይብሳል፣ አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይጥላታል። አሁንም እጄ ላይ ያለው 12 ፍሬ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ማህበር መድኃኒት ማስቀመጥ ይችላል ወይ? በልዩ ማዘዣ የሚወጣ ነገር ነው፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ካቢኔት ውስጥ ቢያገኘው ማነው የሚታሰረው? እኔ ቁልፍ አልይዝም።

ሲስተር፦ ማን አስቀምጡ አለ? ማዘዣው በታካሚው ስም፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ፋርማሲው፣ እኛ በየወሩ ሂሳብ መዝጋት ብቻ። ደሞ ፋርማሲው ይሄ ነው ያለኝ ብሎ ለሴቶች በሌላ መድኃኒት፣ በቫልፕሮኤት፣ እንዳይቀይር፣ ለፅንስ አደገኛ ነው። ይሄን ክፍል እኔ ፅፌ ማታ እልካለሁ።

ሊቀመንበር፦ ጥሩ። ግን ፖስተሩ ላይ ክብሪት ምን ይሰራል?

ፀሐፊ፦ ቀይ ኤክስ አለበት'ኮ ጋሼ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱ ነው የሚለው።

ሊቀመንበር፦ ኤክሱን ማን ያየዋል? ገበያ የመጣች ማንበብ የማትችል እናት ክብሪት አየች፣ ክብሪት ጫረች፣ አለቀ። ማህበሩ ራሱ ነው ያዘዘው ይባላል።

አናፂው፦ እኔን ስንቱ አሽትቶኛል፣ አፍንጫዬ ስር ጠባሳው አለ። ኤክሱ ይተለቅ በቃ።

መምህሩ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፣ ልጆች ስዕሉን ነው የሚይዙት። የማንኪያውም ይውጣ፣ ጥርስ መሃል ማንኪያ ስሎ አታስገቡ ማለት ምን ማለት ነው? የሚደረገው ይሳል፦ በጎኑ ማዞር፣ ከራሱ ስር ጋቢ፣ ሰዓት መያዝ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ጤና ጣቢያ።

አናፂው፦ ክብሪቱ ከሌለ ሰው ምን እያረግን እንደነበር በምን ያውቃል?

ሊቀመንበር፦ ክብሪት ያለበት ወረቀት ላይ ማህተም አላረግም።

ከጅዳ፦ ስራ ላይ ሆኜ 31 መልእክት ደረሰኝ ስከፍተው ስለ ክብሪት ነው። ወንድሜ ምድጃ ላይ ሲወድቅ ሰው ቆሞ ነው ያየው፣ ለሃጩ ይጋባል ብለው፣ እጁ እስካሁን አይዘረጋም። አይጋባም ንኩት ብላችሁ ፃፉ። ሌላው ምን ያረጋል?

ሊቀመንበር፦ እንግዲህ እሳትም እንሳል።

አናፂው፦ ያለፈው ብሮሸርም እንዲሁ በቀለም ጭቅጭቅ ነው ገንዘቡ የተመለሰው። አንተው ነበርክ።

ሊቀመንበር፦ አንተ? እኔን አንተ? ማህተሙን ነገ መጥታችሁ ውሰዱ።

ፀሐፊ፦ ኧረ በእናታችሁ። ሲስተር ፅሁፉስ?

መምህሩ፦ መግቢያው ላይ ቁጥር ይግባ። ቡታጅራ ላይ 60 ሺ ገደማ ሰው ቤት ለቤት ታይቶ ከሺ አምስት ሰው ተገኝቷል፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። የኔ ትምህርት ቤት 2 ሺ ተማሪ አለው፣ በዚያ ሂሳብ አስር ልጅ መኖር ነበረበት፣ እኔ የማውቀው ሁለት ነው። ስምንቱ ቤት ነው የተቀመጡት ወይ ጠበል ናቸው ወይ ደብቀው ነው የሚማሩት። ስልጠናው ላይ ቄሶችም ቢጠሩ ጥሩ ነው፣ ጠበሉንም ጠጡ መድኃኒቱንም ዋጡ ቢሏቸው ከኛ ይልቅ ይሰማሉ።

አናፂው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ትናንት ተናድጄ ነው። እርስዎ።

ሊቀመንበር፦ አልፏል። ክብሪቱ ግን አይገባም።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ፖስተሩ ካጨቃጨቀ ለምን ከነቴራ አናረገውም? የዓለም ቀኑ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ወይንጠጅ ለብሰን ከአደባባዩ እስከ ስታዲየም። 200 ፍሬ በ450፣ 90 ሺ። ለማህበሩ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ።

ሊቀመንበር፦ ይሄ ነው ሀሳብ! ሰው ያየናል፣ አስተዳደሩም ያየናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሞንታርቦ ኪራይ፣ ውሃ፣ ሚኒባስ፣ የማርሽ ባንድ አበል፣ 50 ሺ ይዤለታለሁ። ስልጠናውን ካልነካን 210 ሞላ። መድኃኒቱም ከነጣጣው ይቀርልናል።

ከጅዳ፦ ቆይ፣ መጠባበቂያው የት ሄደ?

ፀሐፊ፦ ሲስተር ስልኳ አይሰራም፣ የሷ ክፍል ባዶ ነው፣ ባዶ ሆኖ ሊላክ ደሞ አይችልም። "ምዕራፍ ሁለት" ብዬ አስገብቼዋለሁ።

አናፂው፦ ከነቴራው ጀርባ ላይ ምን ይፃፋል?

ሊቀመንበር፦ "የሚጥል ሕመም ይታከማል"።

መምህሩ፦ ሕመም ነው በሽታ? ወረቀታችን ላይ በሽታ ነው የሚለው።

ፀሐፊ፦ አይ፣ አሁን 8፡40 ነው፣ ላክሁት። ሕመም ብዬ።

የሐና እናት፦ ምዕራፍ ሁለት መቼ ነው የሚጀምረው?

ልብስ ሰፊው፦ ሳይዝ ያላካችሁ እስከ ነገ ላኩልኝ፣ የልጆችም ይሰፋል።