ጎንደር ውስጥ ሳክስፎን የሚጠግን ታውቃላችሁ?

ሰላም ወገኖች፣ በጣም ጨንቆኛል። የአልቶ ሳክስፎኔ ጂ ሻርፕ ቁልፍ ከክረምቱ ወዲህ እየተጣበቀ አልከፈት ይላል። ስስ ወረቀት ከፓዱ (ቀዳዳውን ከሚደፍነው የቁልፉ ለስላሳ ትራስ) ስር አስገብቼ እርጥበቱን ሳስመጥጠው አንድ ሁለት ቀን ይሻለውና ተመልሶ ያው ነው። የባሰው ግን ወፍራሞቹ ድምፆች ናቸው፤ የታችኞቹ ቢ እና ቢ ፍላት ጨርሶ አይወጡም። ሪድ (አፍ መንፊያው ላይ የሚታሰረውን ስስ ሸምበቆ) ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ማታ መብራት አጥፍቼ ትንሽ አምፖል ቱቦው ውስጥ ሳስገባ በሁለት ፓዶች ጠርዝ ብርሃን ያፈተልካል፣ አየር እያስወጣ ነው ማለት ነው። አንዱ በሱፐር ግሉ ልለጥፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ፓድ የሚያዘው እኮ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ጠይቄ ሰው አጣሁ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ የሰርግ ሥራ አለብን። ባህር ዳርም ቢሆን እሄዳለሁ። ራሴ ልቀይረው ብልስ፣ የፓዱን ልክ በምን ልለካ?