ሃሎፔሪዶል ለረጅም ጊዜ በአይጦች ላይ፦ የመንጋጋ እንቅስቃሴና የሚጥል በሽታ

ጥያቄ፦ የፋርማኮሎጂ ተማሪ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ በአይጦች እንቅስቃሴ ላይ የሚያመጣውን ለውጥና የሚጥል በሽታን የመቀስቀስ አቅሙን አንድ ላይ ላጠና አስቤያለሁ። ዕቅዴ ለሦስት ወር በየቀኑ አንድ መርፌ መውጋት ነው። ለጥያቄው ያነሣሡኝ አዘዞ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው፤ መድኃኒቱን ለዓመታት ሲወስዱ ቆይተው አሁን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይኖር መንጋጋቸው ያኝካል፣ ምላሳቸውም ሳያስቡት ብቅ ይላል። ዕቅዴ ይህን ያሳየኛል?

መልስ 1፦ የፋርማኮሎጂ መምህር

የሚያሳስበኝ የመርፌው አሰጣጥ ነው። የሃሎፔሪዶል ግማሽ መጠን ከሰው ደም ለመውጣት አንድ ቀን ያህል ሲፈጅበት ከአይጥ ሰውነት ግን በጥቂት ሰዓታት ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ተወግታ ማታ የዶፓሚን ዲ2 ተቀባዮቿ (መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የሚይዛቸው የዶፓሚን መልእክት ተቀባዮች) ነፃ የሚሆኑላት አይጥ፣ ተቀባዮቻቸው ሌት ተቀን ተይዘው የሚውሉትን አክስትዎን አትወክልም። ከቆዳ ሥር የሚቀበር ፓምፕ ወይም ቀስ እያለ የሚለቀቅ የሃሎፔሪዶል ዴካኖኤት መርፌ ይሻልዎታል። እኩል መጠን የተሰጣቸው አይጦች እንኳ ስለሚለያዩና አንዳንዶቹ የመንጋጋ እንቅስቃሴውን ጭራሽ ስለማያሳዩ ቁጥራቸውን አያሳንሱ።

የመንጋጋ እንቅስቃሴውን የሚቆጥረው ሰው የትኛዋ አይጥ መድኃኒት እንደወሰደች ማወቅ የለበትም። ባዶ ማኘክ ተብሎ የሚቆጠረው መንጋጋዋ ያለ ምግብ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ነው፤ ፊቷን ስትጠርግ ወይም የሣጥኑን ግድግዳ ስትነክስ የሚታየው አይገባም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት መቁጠርዎን ይቀጥሉ፤ ወዲያው የሚጠፋ እንቅስቃሴ ታርዲቭ ዲስካይኔዥያን (መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚመጣውን ያለፈቃድ እንቅስቃሴ) ለመወከል አይበቃም።

መልስ 2፦ ተመራማሪ

እኔ ደግሞ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ አይጥ ላይ እንዳይደርቡ እለምናለሁ። ማንፈራገጥን ለመለካት ፔንቲሊንቴትራዞል የተባለውን ማንፈራገጥ የሚቀሰቅስ ኬሚካል የተወጋች አይጥ አንጎሏ ስለሚለወጥ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው የመንጋጋ እንቅስቃሴ አያስተማምንም። ለማንፈራገጡ ለብቻ የተመደቡ አይጦች ያዘጋጁ፤ ከሃሎፔሪዶል ጎንም ክሎዛፒን የተባለ ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተሰጠው ቡድን ይኑር፤ ምክንያቱም ክሎዛፒን መጠኑ በጨመረ ቁጥር የሚጥል በሽታን የመቀስቀስ አደጋው የታወቀ ነው፤ በሰው ላይም በቀን ከ600 ሚሊ ግራም ሲያልፍ አደጋው ጎልቶ ይታያል። በመንጋጋ በኩል ግን ከሃሎፔሪዶል እጅግ የቀለለ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጉዳቶች አብረው እንደማይሄዱ በግልጽ ያሳይልዎታል።

መልስ 3፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ስለ አክስትዎ አንድ ነገር ልበል። መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጡ ይንገሯቸው፤ ሕመሙ ሊያገረሽ፣ የአፋቸው እንቅስቃሴም ሊብስ ይችላል። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው አርቴንም ለእንዲህ ያለው ማኘክ አይረዳም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላልና፣ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ሁለቱንም መድኃኒቶች አብሮ እንዲያይላቸው ይዘዋቸው ይሂዱ።