ዴክሳሜታዞን ከአሁኑ ልጀምርላት ወይስ ይቆይ?

ማለዳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ትናንት ማታ ትኩሳትና ሳል ጀመራት፣ ዛሬ ስትመረመር ኮቪድ ተገኘባት። ዕድሜዋ ከ65 በላይ ነው፣ ስኳርም አለባት። ትንፋሿ ደህና ነው፣ ኦክስጅኗ 96 ይላል። አንድ ዘመዳችን «ሳይብስባት ዴክሳሜታዞን ጀምሪላት፣ ስንቱን ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው» እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ሌላው አንቲባዮቲክ ይላል። ግራ ገባኝ። ቶሎ መጀመሩ አይሻልም?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ዴክሳሜታዞኑን አሁን እንዳትሰጪያቸው። ሰው ማዳኑ እውነት ነው፣ ግን የትኛውን በሽተኛ ነው ያዳነው? በ2020 በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ላይ የጠቀመው ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ ማሽን ላይ ለነበሩት ነው። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አላሳየም፣ ሊጎዳ እንደሚችልም ፍንጭ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ እየተራባ ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ያስፈልጋል፣ ዴክሳሜታዞን ደግሞ እሱን ነው የሚያዳክመው። ኋላ ላይ በሚብስባቸው ሰዎች ሳንባን በዋናነት የሚጎዳው መከላከያው ራሱ ከልክ ሲያልፍ ነው፣ መድኃኒቱ የሚገባው ያኔ ነው። ስኳራቸውንም ሽቅብ ይሰደዋል።

አሁን ጊዜው የፀረ ቫይረስ ነው። ፓክስሎቪድ ምልክት በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ሬምዴሲቪር ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ። ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሂጂ፣ ፓክስሎቪድ ከብዙ መድኃኒት ጋር አይስማማም፣ ለምሳሌ ለኮሌስትሮል ከሚሰጠው ሲምቫስታቲን ጋር በፍጹም። ኩላሊታቸው ከደከመ መጠኑ ስለሚቀየር እሱንም ተናገሪ።

ነርስ ነኝ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከምርመራው ሳይሆን ምልክቱ ከጀመረበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ሳሉን ችላ ብሎ ይቆይና ውጤቱን ካየበት ቀን መቁጠር ይጀምራል፣ ያኔ ጊዜው አልፏል። ወረቀት ላይ ጻፊው። ኦክስጅን ስትለኪ ጣታቸው ይሙቅ፣ የጥፍር ቀለም ካለ ይነሳ፣ ቁጥሩ እስኪረጋም ጠብቂ። ከ94 ከወረደ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ግር ካላቸው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃቸው። ሳምንት ሲሞላ ተሻላቸው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ የሚከፋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋበት በዚያ ሰሞን ነው።

ዳግም፦ ሌላውም በሽታ እንዲሁ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪር በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው፣ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን ቢያልፍም ይሰጣል። አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር ቢጀመር ጥሩ ነው፣ ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ አንድ ቀንም አይታደርበት። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ተሽሏት ትኩሳቱ ካገረሸ ግን ባክቴሪያ የሳንባ ምች አምጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።

ማለዳ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምትወስደውን ሁሉ ሰብስቤአለሁ፣ አሁን ይዣት እየወጣሁ ነው። ፓክስሎቪድ ባይገኝስ ዴክሳሜታዞኑን በምትኩ ልስጣት?

ፋርማሲስቱ፦ አይሆንም፣ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ባይገኝ ስለ ሬምዴሲቪር ወይም ስለ ሞልኑፒራቪር ጠይቂ፣ ሞልኑፒራቪርም በ5 ቀን ውስጥ ነው የሚጀመረው።