«ስታክ ዊዝ» መቼ ነው የሚባለው?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነኝ፤ አስጎብኚ ለመሆን እንግሊዝኛ እያጠናሁ ነው። አንድ ቃል አላራምድ አለኝ፤ «ስታክ» (stuck)።

ባለፈው ክረምት ወደ አዘዞ ስንሄድ ባጃጃችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ጎማው ይሽከረከራል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። ይሄ «ስታክ ኢን ዘ መድ» ነው፤ ገብቶኛል። ጥያቄ አልፈታ ሲለኝ ደግሞ «አይም ስታክ ኦን ዚስ ኴስችን» እላለሁ።

ግራ ያጋባኝ «ስታክ ዊዝ» ነው። የማይፈልጉት ነገር ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ነው አሉኝ። ግን አንድ ፈረንጅ እየሳቀ ለጓደኛው «ዩ አር ስታክ ዊዝ ሚ» ሲለው ሰማሁ፤ ጓደኛውም ሳቀ። እኔ ለእንግዳ ብለው ነውር ይሆናል? ፋሲል ግቢ በር ላይ ሰው ማስቀየም አልፈልግም። እባካችሁ በምሳሌ አስረዱኝ።