ፍቅረኛዬ ሥራዬን ከእናቱ እንድደብቅ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት፣ አሁን ግን እየከነከነኝ ነው

የደሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

31 ዓመቴ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። እንጀራዬ ዳንስ ማስተማር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ጂም ውስጥ ዙምባ አሠራለሁ። ከሰዓት አንድ የግል ትምህርት ቤት ለልጆች የባህል ውዝዋዜ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮችና ሚዜዎች አለማምዳለሁ። ጥር ላይ እንቅልፍ የለኝም፣ እንደ አሁኑ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ኪሴም አብሮ ይጾማል። (ዙምባው ባይኖር የቤት ኪራዩን እንጃ።)

መጀመሪያ እንደመጣሁ አንድ ባህላዊ ምግብ ቤት 3 ዓመት ተወዛውዣለሁ። በአንድ ማታ ጎጃም፣ ጉራጌ፣ ትግርኛ፣ ወላይታ፣ ኦሮምኛ፣ በየመሀሉ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየቀየሩ መሮጥ ነው። ጭፈራውን እወደው ነበር። ያስመረረኝ ግንባሬ ላይ ብር የለጠፈ ሁሉ ስልኬን የመጠየቅ መብት ያገኘ ሲመስለው ነው። ትቼው ወደ ማስተማር ስገባ "በቃ አሁን ክብር ያለው ሥራ ያዝኩ" ብዬ ነበር። አይ የኔ ነገር።

የገጠሙኝ ወንዶች ነገር ሁሌ አንድ ነው። ስጨፍር አይተው ይወዱኛል፣ ሦስት ወር ሳይሞላ መጨፈሬን ይጠሉታል። አንዱ "ዙምባውን ተይው፣ ወንድ ያይሻል" አለኝ። እሱ ራሱ ያገኘኝ እዛው ጂም ነው እኮ! ሌላው ምንም አላለም፣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጓደኛውን እንኳ አላስተዋወቀኝም።

የአሁኑ ይለያል። ባንክ ነው የሚሠራው፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። አሞኝ የተኛሁ ቀን አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ከሜክሲኮ ጎሮ ድረስ በሁለት ታክሲ የመጣ ሰው ነው። ዓመት ተኩል ሆኖናል፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ታዲያ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ እየሄድን መንገድ ላይ "እማዬ ከጠየቀችሽ የስፖርት መምህር ነኝ በያት፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን" አለኝ። እሺ አልኩት። ቀላል ነገር መሰለኝ። እናቱም ወደዱኝ፣ "ስፖርት ጥሩ ነው፣ ጤና ነው" አሉ።

ጥር ላይ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ሄድን። ከእናቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እርምጃቸው ተምታታ፣ እኔ ከሩቅ በሆዴ እየቆጠርኩላቸው ነበር። ከዛ ዲጄው የወሎ ዘፈን ለቀቀ። እናንተዬ፣ የደሴ ልጅ ነኝ! አንገቴ ሳላዘው መሄድ ጀመረ። እሱ ከማዶ አየኝና በዓይኑ "ተይ" አለኝ። እጄን አጣጥፌ ቁጭ። እናቱ ጠጋ ብለው "አንቺ ጭፈራ አትወጂም አይደል? ጨዋ ነሽ" አሉኝ።

ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱ ላይ ተናድጄ አልነበረም። "ጨዋ" ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ነው።

ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ሄጄ ልንገራቸው ወይስ እሱ እንዳለው ቀስ ይበል? ሥራሽን ተይ አላለኝም፣ እሱን እወቁልኝ።

አባ ቀጥታ

እህቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ "ንገሪያቸው" ሊልሽ ነው፣ ስለዚህ እኔ በልጁ ቦታ ሆኜ ላውራ። እናቶቻችን ባደጉበት ቤት አዝማሪ ለሠርግ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል፣ ልጅ ግን አይድሩለትም። ያ ነገር በአንድ የቡና ወሬ አይወጣም። ልጁ ፈርቷል እንጂ አልናቀሽም። ደግሞ ዙምባ ስፖርት አይደለም እንዴ? ሙሉ ውሸት አልተናገርሽም። ከሠርጉ በኋላ፣ በተለይ ልጅ ከመጣ፣ ማን ያስታውሰዋል። የሚወድሽ ሰው አግኝተሽ በስም አትጣይው።

ባለ ከበሮ

አባ ቀጥታ ወንድሜ፣ "ከሠርጉ በኋላ" ትላለህ። ሠርጉ ላይስ? የሠርግ ሰው በዚህ ከተማ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዲጄው ያውቃታል፣ ቪዲዮ አንሺው ያውቃታል፣ ያለማመደቻት አንዷ ሙሽራ እንግዳ ሆና መጥታ "ቲቸር!" ብላ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። አማቷ ከሰው አፍ ይሰማሉ ማለት ነው።

የደሴዋ፣ እኔ 11 ዓመት ተወዛውዣለሁ። "ጨዋ" ሲሉሽ ደስ ማለቱ በደንብ ይገባኛል። ቤት ልከራይ ስሄድ ካሜራማን ነኝ ነበር የምለው። አንድ አከራይ የልጃቸውን ልደት በነፃ አንሳልን ብለውኝ ካሜራ ተውሼ አንስቻለሁ፣ ግማሹ ጨለማ ነው የወጣው። አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን በየቀኑ ከቤት ስወጣ የሌላ ሰው ሥራ ለብሼ ነበር የምወጣው። ያደክማል።

ተወዛዋዡን መላኩ በላይን አስቢ። ጎዳና ላይ የኖረ ልጅ ነው። ካዛንችስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ይጨፍር ነበር፣ የሚተኛውም እዛው ነበር፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው። በትከሻው ዓለምን ዞሯል፣ ፈረንሳይ ሳትቀር ሸልማዋለች። ካዛንችስ 2017 ላይ ሲፈርስ ፈንድቃም ፈረሰ፣ ስንቱ አዘነ። ይሄን የምነግርሽ አንቺም እንደሱ ትሆኛለሽ ልልሽ አይደለም፣ እኔም አልሆንኩም። ውጭ ሀገር ቆመው የሚያጨበጭቡለት ነገር እዚህ አማት ፊት ሲቀርብ ሥራ አለመምሰሉ ነው የሚያበግነኝ።

በነገራችን ላይ ዙምባውን ሴራሚክ ላይ ከሆነ የምታሠሪው ጫማሽን አስቢበት። የኔ ጉልበት የሄደው እንደዛ ነው።

እማማ ቅመም

ልጄ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ አማት መሆኛዬ ደርሷል፣ ስለዚህ ከዛኛው ወገን ልንገርሽ። ልጄ መጥቶ "የዳንስ አስተማሪ ላገባ ነው" ቢለኝ መጀመሪያ ደስ አይለኝም ነበር። እውነቱን ነው የምልሽ። በኛ ጊዜ ሀገር ፍቅርም ብሔራዊ ቴአትርም ሄደን ለተወዛዋዦቹ እጃችን እስኪቀላ እናጨበጭብ ነበር፣ የጎረቤት ልጅ ተወዛዋዥ ሆነች ሲባል ግን አፋችንን በነጠላ ይዘን "ምነው ምን ነካት" እንላለን። ለምን እንደሆነ ጠይቀን እንኳ አናውቅም።

ግን ደስ አለማለት ሁለት ሳምንት ነው፣ ይለመዳል። ተታልዬ ከነበረ ግን፣ ዓመት ሙሉ "ስፖርት ጤና ነው" እያልኩ ሲስቁብኝ እንደነበር ባውቅ፣ እሱን አልረሳውም። እና የሚጠላው ልጄ አይደለም፣ ልጄማ ልጄ ነው። የምትጠይው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ብቻሽን እንዳትሄጂ። ውሸቱን የጀመረው እሱ ነው፣ እሱ ይናገር። አንቺ አጠገቡ ቁጭ በይ። "እማዬ፣ ያኔ የነገርኩሽ እንደዛ አይደለም፣ እኔ ነኝ በያት ያልኳት" ይበል። ይቺን አፉን ሞልቶ ካለ ባል ይሆንሻል። ካላለ ደግሞ ነገ የሚደብቀው ሌላ ነገር አያጣም።

የሜሪላንዷ

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ እስክስታ እናስተምራለን። ልጄ አማርኛው እምቢ ብሏታል፣ ትከሻዋ ግን ጎጃሜ ነው። አስተማሪዋን የምናከብራት እንደ ቄስ ነው። ሀገር ቤት ሲሆን ነው እንዴ ነውር የሚሆነው? ኮራ በይ እህቴ!

አባ ቀጥታ

እዛ ሆኖ ቀላል ነው። ወንድ ልጅሽ ያቺን አስተማሪ ላግባ ቢልሽስ?

የሜሪላንዷ

እሱን አላሰብኩትም። ቆይ ላስብበት።

ባለ ከበሮ

ሃሃሃ ቢያንስ አልዋሸችም።

የደሴዋ

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ትናንት ስልኬን ሰጥቼው እሱም አነበበው። (ስም ስላልጠቀስኩ ይቅር አለኝ።) ባለ ከበሮ ስለ ዲጄው የጻፍክበት ጋ ሲደርስ "ያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የነበረው ያውቅሻል እንዴ?" አለኝ። አዎ ያውቀኛል። ያን ቀን ሰላም እንዳይለኝ ፊቴን ያዞርኩበት እኔ ነኝ። ይሄን ለእናንተም አልነገርኳችሁም ነበር፣ አፍሬ ነው።

እማማ ቅመም ያሉትን ሁለቴ አነበበው። "እኔ እናገራለሁ" አለ። ከዛ ግን "ከፋሲካ በፊት ወይስ በኋላ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እዛ ላይ ተጣላን። ጾም ላይ ሰው አይከፋም ይላል፣ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ መናገር መናገር አይደለም አልኩት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደውሎ "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ" አለኝ። እሺ አልኩት። ይሄኛውን እሺ ግን አስቤበት ነው ያልኩት።

አባ ቀጥታ፣ አልተቀየምኩህም። የልቡን የሚናገር ሰው መቼም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ራሴም አልመለስኩትም። "ጨዋ ስትልሽ ለምን ደስ አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝና ዝም አልኩ። ዛሬ ትምህርት ቤት ወሎን እያስያዝኩ አንዷ የ7 ዓመት ልጅ አንገቷ እምቢ አላት፣ ትከሻዋ ብቻ ይነሳል። "ቲቸር አንቺ አሳዪኝ" አለችኝ። ስፒከሩ ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር በአፌ እየዘፈንኩ አሳየኋት፣ ሃያው ልጅ ያጨበጭባል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

እሁድ ምን እንደሆነ መጥቼ እጽፋለሁ። አሁን ልተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ዙምባ አለኝ።