ከጨረር በኋላ የታየው ዕጢ ነው ወይስ ጠባሳ? ኤፍኢቲ ፔት የሚያውቅ አለ?

ታላቅ እኅት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው ያለው። አምና ግሊዮማ (የአንጎል ዕጢ ዓይነት) ተብሎ አንጎሉን ኦፕራሲዮን ተደርጓል፣ ጨረሩንም ኪሞውንም ጨርሷል። አሁን ኤምአርአይ ሲነሳ ዕጢው የወጣበት ቦታ ላይ የሚያበራ ነገር ታየ። ሐኪሙ ዕጢው ተመልሶም ሊሆን ይችላል፣ ጨረሩ ያደረሰው ጉዳትም ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ብቻ አይለይም ብሎ ኤፍኢቲ ፔት ለሚባል የምስል ምርመራ ላከው። ራዲዮአክቲቭ መርፌ ነው አሉ። ከዚያ ሁሉ ጨረር በኋላ ደግሞ ሌላ? ኤምአርአዩን መድገም አይበቃም? ቤት ውስጥ የስምንት ወር ሕፃን አለች፣ ለሷም ፈራሁ። እናታችን ገና አልሰማችም።

ኒውክሌር ክፍል፦ እኅቴ አይዞሽ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ኤምአርአዩ ላይ የሚያበራው ኮንትራስቱ (ምስሉ እንዲጎላ የሚወጉት ፈሳሽ) ከደም ሥር ያፈሰሰበት ቦታ ነው። ዕጢም ደም ሥሩን ያሳሳል፣ ጨረርም ያሳሳል፣ ስለዚህ ምስሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ኤፍኢቲ ግን ፍሎሪን-18 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የተያያዘበት አሚኖ አሲድ ነው። የዕጢ ሴል በብዛት ይስበዋል፣ ጠባሳ ደግሞ እምብዛም። ካሜራው የሚያየው ይህንን ልዩነት ነው። መቶ በመቶ ግን አይደለም፤ ብግነትም ትንሽ ሊስብ ይችላል፣ ስለዚህ ከኤምአርአዩ ጋር አስተያይተው ነው የሚወስኑት።

በጎ አድራጊው፦ ግን ፔት በስኳር አይደል እንዴ የሚሠራው? አጎቴ ለሳንባው ሲነሳ ስኳር ነው የወጉት።

ኒውክሌር ክፍል፦ ለሳንባ አዎ። አንጎል ግን ራሱ ስኳር በላተኛ ነው፤ ጤነኛው ክፍል ሁሉ ስለሚያበራ ዕጢ መለየት በጠራራ ፀሐይ ሻማ እንደ መፈለግ ነው። ቀድሞ የነበረው የካርቦን-11 ሜቲዮኒን (እሱም ራዲዮአክቲቭ አሚኖ አሲድ ነው) ጥሩ ነበር፣ ችግሩ በ20 ደቂቃ ግማሹ ይጠፋል፣ ሳይክሎትሮኑ (ራዲዮአክቲቩ የሚመረትበት ማሽን) እዚያው ግቢ ካልሆነ አይሆንም። የፍሎሪን-18 ግማሽ የሚጠፋው በ110 ደቂቃ ስለሆነ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ከኮሎኝ ብዙ የማይርቀው የዩሊሽ ምርምር ማዕከል ደግሞ ኤፍኢቲ ላይ ለዓመታት የሠራ ነው፣ እዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሙኒክ ልጅ፦ ባለቤቴ ተነስቷል። ጠዋት ምግብ አትብላ ተባለ፣ ውሃ ይፈቀዳል። ክንዱ ላይ ወጉት፣ ጭንቅላቱን በማሰሪያ ያዙት፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አለቀ። ከመርፌዋ ሌላ ምንም አልተሰማውም፣ እንደውም እንቅልፍ ወስዶት ነበር ሃሃ። ከባዱ ውጤቱን መጠበቁ ነው።

ታላቅ እኅት፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሕፃኗስ?

ኒውክሌር ክፍል፦ መጠኑ ለሕክምና ከወሰደው ጨረር ጋር አይወዳደርም። ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ፣ ሽንቱን ቶሎ ቶሎ ይሽና። ሕፃኗን ግን የዚያን ቀን እቅፉ ላይ አያቆያት፣ ሌላ ሰው ይያዛት። በማግስቱ ከሰውነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ስንት ሰዓት መራቅ እንዳለበት ክፍሉ ራሱ ይነግራችኋል፣ ሕፃን እንዳለች ቀድማችሁ ንገሯቸው። የድሮዎቹን ኤምአርአዮች በሲዲ ይዞ ይሂድ፣ ያለነሱ ማነጻጸሪያ የላቸውም።